የጾሙ ማዕድና የቡሄው ሙልሙል



ነሐሴ በጎጃም ደጋ ጭጋግ የሚከብድበት፣ ጎተራ የሚጎድልበት ወር ነው። የአምናው እህል ወደ ማለቁ ተቃርቧል፤ የዘንድሮው ገና ቡቃያ ነው። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ደብረ ማርቆስን ሲገርፋት ይውላል፤ ማገዶው እርጥብ ነው፤ ጢሱ ዓይን ያስለቅሳል። ጾመ ፍልሰታ የሚገባው በዚሁ ወር መባቻ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ ነሐሴ 15 ቀን ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤው፣ ዓይቡና እንቁላሉ ከምእመናን ማዕድ ይርቃሉ። ከዚሁ ጾም መካከል፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ ልጆች ዓመቱን ሙሉ በጉጉት የሚጠብቁት የደብረ ታቦር በዓል፣ እኛ በተለምዶ ቡሄ የምንለው፣ ይውላል። ስለዚህም ቡሄ ከብዙዎቹ በዓላት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ዶሮ አይታረድበትም፣ በግ አይጣልበትም፣ ቅቤ አይነጠርበትም። ያለ ዳቦ ግን ቡሄ ቡሄ አይሆንም።

ስለዚህ ዳቦና ስለ ጾሙ ማዕድ ለመጻፍ ያነሣሣን በ2010 ዓ.ም. የደረሰብን አንድ ነገር ነው።

በዚያ ዓመት ነሐሴ 11 ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ የ12 ዓመት ልጃችንን ይዘን ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ተነሣን። ዓባይን ተሻግረን፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደብረ ማርቆስ ገባን። የሄድነው ክረምቱን ብቻቸውን ከሚያሳልፉት አክስታችን ዘንድ ነበር። ባዶ እጅ አይኬድምና በጾም የሚቀመስ ነገር ይሁን ብለን ከአንድ ሱቅ ሦስት ፓኮ ብስኩት ገዝተናል። ባለ ሱቁን «የጾም ነው?» ብለን ጠየቅነው፤ «አዎ» አለን፤ እኛም አመንነው።

አክስታችን ከቅዳሴ የተመለሱት ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በፍልሰታ በአዘቦቱ ቀን ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ስመው ሳይጠግቡን ቡና ተፈላ፤ እኛም ፓኮውን ከፍተን አቀረብን። ሁለት ብስኩት በሉ። «ደግ ነው፤ ይጣፍጣል» አሉ። ሦስተኛውን አንሥተው ሳለ ልጃችን የፓኮውን ጀርባ ስታነብ ኖሮ፣ «የወተት ዱቄት አለበት ይላል እኮ» አለች።

አክስታችን ሦስተኛውን ብስኩት ከረከቦቱ ጠርዝ ላይ አኖሩት። አልተቆጡም። «ምን ይደረጋል፣ የገባ ገብቷል» አሉ፤ ሲኒያቸውን ግን እንደ ሞላ ተዉት። እኛ መግቢያ ጠፋን።

ጾምን ለማያውቅ ሰው ይህ የሚያሳዝን ነገር ላይመስለው ይችላል። ሁለት ብስኩት ነው፤ በውስጡ ያለውም ወተት ከማንኪያ አይሞላም። ነገር ግን አንዲት የ70 ዓመት እናት ከልጅነት እስከ እርጅና አንዲትም ፍልሰታ ሳያጎድሉ ጠብቀው፣ ከገዛ ዘመዶቻቸው እጅ በተቀበሉት ስጦታ ጾማቸው ሲፈርስ ማየት ለእኛ ቀላል አልሆነልንም። ጥፋቱም የእኛ ነበር። ጽሑፉ ከጀርባው ላይ አለ፤ ማንበብ እንችላለን፤ አላነበብንም።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ አክስታችን ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ። አባም ሳያውቁ የሆነ መሆኑን ሰምተው ጥቂት ስግደት አዘዟቸው። ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቷል። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ማድ ቤት ገቡና ልጃችንን ጠሯት። «ነይማ የኔ እመቤት፣ ጀርባው ላይ ጽሑፍ የማያስፈልገው ዳቦ ላሳይሽ።»

ሊጡ የተቦካው ማታውን ነበር። የሙልሙል ነገር ግን የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ስንዴው በበጋ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የተፈጨ ነው። አክስታችን ዱቄቱን በወንፊት ነፉት፤ በቡሃቃ ውስጥ ለብ ባለ ውሃ ለወሱት፤ ካለፈው ሊጥ ያስቀሩትን እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድና ጥቂት ድንብላል ጨመሩበት። ሌላ ምንም የለም፤ አንዲት ጠብታ ዘይት እንኳ አልገባበትም። ከዚያ ማሸት ነው። የደጋው ብርድ ሊጡን ያዘገየዋልና ቡሃቃው በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ ከምድጃው አጠገብ አደረ። የስንዴ ሊጥ በታሸ ቁጥር እየጠነከረ፣ እንደ ጅማት እየተሳበ የሚሄድ ባሕርይ አለው። እርሾው የሚፈጥረውን አየር አፍኖ ይዞ ዳቦውን የሚያነሣውም ይኸው ባሕርይው ነው። እንቁላልና ወተት ሳይነካው እንደዚያ የሚነፋው ስለዚህ ነው።

ጠዋት የጋቢው መጠቅለያ ሲፈታ ሊጡ የቡሃቃውን አፍ አልፎ ነበር። አንዳንድ አባቶች ቡሄ የሚለውን ስም ከብራነትና ከብርሃን ጋር ሲያያይዙት ሌሎች ደግሞ ቡሆ ከሚለው ቃል፣ ከቦካው ሊጥ፣ ጋር ያዛምዱታል። ያን ዕለት ጠዋት በዚያ ማድ ቤት ለቆመ ሰው ሁለተኛው አሳማኝ ነበር።

«እጅሽን ዱቄት አስነኪና በመዳፍሽ አሽከርክሪው» አሏት። መሐሉ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ቀጠን ያለ፣ ከአንድ ልጅ ክንድ የማይበልጥ ዳቦ ነው። የልጃችን የመጀመሪያ አምስቱ ድንች መሰሉ። ምጣዱ በተወቀጠ የጎመን ዘር ታሰሰ፤ ዳቦው እንዳይዝ የሚያደርገው የጎመን ዘሩ ቅባት ነውና ቅቤም ሞራም አያሻም። ከሥር የኮባ ቅጠል ተነጠፈ። በጎጃም ብዙ ግቢዎች ጓሮ ውስጥ እንሰት የሚተከለው ሥሩ ሊበላ ሳይሆን ለዚሁ ለቅጠሉ ነው። ቅጠሉ እርጥበት ይሰጣል፣ ከእሳቱም ይከላከላል፤ ዳቦው ላይ የሚያትመው መስመርና የሚተወው መዓዛ ደግሞ በከተማ ዳቦ ቤት ገንዘብ አይገዛውም። አከንባሎው ተከደነ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሽታው ማድ ቤቱን አልፎ ደጅ ደረሰ፤ የጎረቤት ልጅ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብሎ «ደረሰ?» አለ። «ሲመሽ ና» ተባለ።

አክስታችን ሲጋግሩ ዝም አይሉም። አባቶች እንደሚያስተምሩት ጌታችን በደብረ ታቦር ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ፣ በአካባቢው የነበሩት እረኞች ብርሃኑን አይተው ቀኑ ያልመሸ መስሏቸው ከመንጋቸው ጋር ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ችቦው የዚያ ብርሃን፣ የጅራፉ ጩኸት ከደመናው የተሰማው ድምፅ፣ ሙልሙሉም የእረኞቹ ስንቅ መታሰቢያ ነው። ይህን ለልጃችን ሲተርኩላት እሳቱን እየቆሰቆሱ ነበር፤ እርሷም ጢሱን ረሳችው።

አሁን ደግሞ ስለ ዕለት ዕለቱ የጾም ምግብ ጥቂት እንበል። ሰባቱን አጽዋማት አሟልቶ የሚጾም ምእመን ከዓመቱ ቀናት ከግማሽ የሚበልጡትን ከእንስሳት ተዋጽኦ ርቆ ያሳልፋል። ስለዚህ የጾም ምግብ በእኛ አገር በፍስኩ ምትክ ለጊዜው የሚቀርብ ነገር አይደለም። የራሱ ቅባት፣ የራሱ ወተት፣ የራሱም ጣፋጭ ያለው ሙሉ ማድ ቤት ነው። ቪጋን የሚለው ስም እንግሊዝ አገር የተፈጠረው በ1944 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዓለም ትላልቅ ከተሞች ሰዎች ዛሬ በዚህ ስም የሚፈልጉትን ማዕድ በውጭ አገር ያሉ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች በጾም በያይነቱ ያቀርቡላቸዋል። ልዩነት ግን አለ። እነርሱ ማርን አይነኩም፤ በእኛ ጾም ማር አልተከለከለም። የእነርሱ ምክንያት እንስሳው ነው፤ የእኛ ጸሎቱ ነው። የግሪክ ኦርቶዶክሳውያንም ዐቢይ ጾማቸውን በሚጀምሩበት ሰኞ ላጋና የሚሉትን ሰሊጥ የተነሰነሰበት ጠፍጣፋ ዳቦ ይበላሉ። ጾምና ዳቦ መገናኘታቸው የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በአክስታችን ቤት ዋናው ሽሮ ነው። ነሐሴ የሚበላው ሽሮ ነሐሴ አይሰናዳም። ባቄላው፣ አተሩና ሽምብራው በሚያዝያ ፀሐይ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ገለባው ይወጣል፤ ከበርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከኮረሪማ ጋር ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ከዚያም ይፈጫል። በክረምት የሚቀረው ማንተክተክ ብቻ ነው። ለዚህ ጥሩ ምክንያት አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ድፍን ባቄላ በእርጥብ ማገዶ እበስላለሁ ቢል ቀኑ ይመሽበታል። የቀደሙት እናቶቻችን የፈላውን ውሃ በቴርሞ ሜትር አልለኩትም፤ መክካትንና መፍጨትን ግን ያውቁበታል። እንጀራው ከሽሮው ጋር ሲበላ ደግሞ ጤፉ የሚያጥረውን የፕሮቲን ዓይነት ጥራጥሬው ይሞላለታል።

አክስታችን ሽሯቸው ውስጥ ጓያ አይቀላቅሉም። ጓያ ድርቅን ይችላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ በችግር ዘመን ለወራት እርሱን ብቻ የበላ ሰው ግን እግሩ እየከዳው ሽባ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ በፍሬው ውስጥ ያለ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ነው። ጥቂት ጓያ ከሌላ ምግብ ጋር መብላቱ ያን ያህል የሚያሰጋ ባይሆንም፣ አክስታችን በልጅነታቸው በዱላ የሚሄዱ ጎልማሶችን አይተዋልና ነገሩን አያነሡትም።

ግብጦ ሌላ ነው። ይህ የጎጃም ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነጭ ጠፍጣፋ ፍሬ እንደ ተለቀመ ቢቀመስ ምሬቱ አፍ አያስከፍትም። ይቆላል፣ ይቀቀላል፣ ከዚያ በጆንያ ታስሮ ወራጅ ውሃ ውስጥ ለቀናት ይከርማል። ወንዙ ምሬቱን አጥቦ ይወስድለታል። ከዚያ ወዲያ በጨው እየተቆረጠመ ለጾም ቡና ቁርስ ይሆናል፤ ከአረቄ ጋር ያለውን ዝምድና ግን በዚህ በጾም ዕለት አናነሣውም።

ወተት ለናፈቀው ሱፍ አለ። ሱፉ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠለል የሚወጣው ፈሳሽ ከላም ወተት በመልኩ አይለይም፤ እንጀራ ተፈትፍቶበት፣ ቃሪያና ዝንጅብል ተጨምሮበት ይበላል። ከባቄላ ዱቄት ጋር ተገንፍቶ በስናፍጭና በጤና አዳም ለቀናት ሲቀመጥ ደግሞ ስልጆ ይሆናል፤ ያም አፍንጫን የሚሰነፍጥ፣ ከዓይብ ይልቅ የሚናፈቅ ነው። ተልባም በበኩሉ ተቆልቶ ተወቅጦ በእንጀራ ይፈተፈታል፤ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» እንዲሉ፣ ሲወቀጥ ጩኸቱ ይበዛል። በነሐሴ ከእህሉ ቀድሞ የሚደርሰው የጓሮ ድንች አለ፤ የአበሻ ጎመን አለ። ያን ሰሞን ማታ ማታ የበላነው ድንች በሽሮ ነበር።

የልጆቹ ጣፋጭ ኑግ ነው። ታምሶ በሙቀጫ ሲወቀጥ ቅባቱ እየወጣ፣ ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ ይያያዛል፤ በበሶ ታሽቶ፣ ትንሽ ጨው ወይም ማር ነክቶት ይድቦለቦላል። የኑግ መገኛው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። በመስከረምና በጥቅምት የጎጃም ማሳ ቢጫ ለብሶ የሚታየው ከአደይ ሌላ በኑግ አበባም ነው። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ዘይቱ በብርድ አይረጋም። ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት ግን በደብረ ማርቆስ የነሐሴ ሌሊት በጄሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ስለሚያድር ሕዝቡ «የሚረጋው ዘይት» ብሎታል። እኛ ከሄድን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ በቡሬ ፊቤላ፣ በደብረ ማርቆስ ደግሞ ደብሊው ኤ የተሰኙ ታላላቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች ተመርቀዋል። አክስታችን የኑግ ዘይታቸውን የሚገዙት ከሰፈራቸው ጨማቂ ነበር። የጡጦውን አፍ ያሸቱታል፤ ከዚያ ነው ዋጋ የሚጠይቁት።

ወደ ዳቦው እንመለስ። ከጠዋት እስከ ቀትር ምጣዱ ከእሳት አልወረደም። 40 ትናንሽ ሙልሙልና ለክርስትና ልጃቸው የተለየ አንድ ትልቅ ዳቦ ወጣ። የመጀመሪያዋ ተቆርሳ ለአራታችን ተደረሰች፤ አራተኛዋ የጎረቤት ሴት ነበሩ። ቅርፊቱ ጠንከር፣ ውስጡ ለስለስ ያለ፣ ጥቁር አዝሙዱ ከጥርስ ሲገናኝ የሚሸት ትኩስ ዳቦ በሚጥሚጣ። ልጃችን ጠገብሁ አላለችም። ከዚያ በድንገት ቆም ብላ፣ «እማማ፣ እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር እየበሉ ጾምሁ ይባላል?» ብላ ጠየቀች።

ጥያቄው የልጅ ብቻ አይደለም። ብዙ አባቶች በስብከታቸው ያነሡታል። ሥጋውን በሽምብራ ዓሣ፣ ቅቤውን በዘይት እየተኩ ከፍስኩ የበለጠ ማዕድ መደርደር ጾሙን የምግብ ለውጥ ብቻ ያደርገዋል ይላሉ። እውነት አላቸው። በከተማ የጾም ምሳ ግብዣ ላይ ከዐሥር ዓይነት በላይ ተደርድሮ አይተናል፤ ተነሥተን መሄድም አቅቶናል። በሌላ በኩል ደግሞ ዳቦ የሚቆረስበትን በዓል ጾሙ መካከል ያኖረችው ራሷ ቤተ ክርስቲያን ናት። ለሕፃናቱም ይህ ጾም ልዩ ነው፤ ከታላላቆቻቸው ጋር ሲያስቀድሱ የሚሰነብቱበት፣ ብዙዎቹም የሚቆርቡበት ወቅት ነው። አፋቸውን የሚያጣፍጥ ዳቦ መካከል ላይ ሲያገኙ ክፋቱ አይታየንም። የሚከብደው ለእኛ ለአዋቂዎቹ ነው።

አክስታችን መልስ አልሰጡም። «ሰኞ ስትሄዱ ስንቱን እንደ በላን ቆጥረሽ ንገሪኝ» ብለው ወደ ምጣዳቸው ዞሩ።

ሲመሽ ችቦው በየደጁ በራ። ጅራፍ ከዚህም ከዚያም ይጮህ ጀመር፤ የልጆች ጭፍራ በጭቃው ውስጥ ዱላ እየደቃ፣ ሆያ ሆዬ እያለ ከቤት ቤት ዞረ። ልጃችን መሶቡን ይዛ በር ላይ ቆመች። አዲስ አበባ ላይ ለጨፋሪዎቹ ብር መስጠት ከተለመደ ቆይቷል፤ እዚያም አንዳንዱ ልጅ ብር ይጠብቅ እንደ ነበር ዓይኑ ያስታውቃል። ትኩሱን ሙልሙል ሲቀበል ግን ቅር ያለው አላየንም። አንዱ ትንሽ ልጅ ዳቦውን ከጋቢው ሥር ወሽቆ ደረቱን አሞቀበት። ያን ምሽት 24 ሙልሙል ሄደ። በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሌሎች 6 ልጆች መጡ። ሦስቱ ከቤታቸው ለማይወጡ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ተላኩ። የክርስትና ልጃቸውም ከገጠር ከአባቱ ጋር መጥቶ ትልቁን ዳቦ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ጉልበታቸውንም ሳመ።

ረፋዱ ላይ አራት የቆሎ ተማሪዎች አኩፋዳቸውን አንግተው ከደጅ ቆሙ። ደብረ ታቦር የአብነት ተማሪዎች በዓል ጭምር ነው። ተማሪዎቹ ከምእመናኑ እህል ለምነው፣ ዳቦ ጋግረው፣ ጠላ ጠምቀው በጉባኤ ቤታቸው ያከብሩታል፤ ዓመቱን ሙሉ ቁራሽ የሰጣቸውን ሕዝብ በዚያ ዕለት እነርሱ ይጋብዙታል። እንደ ዋሸራና እንደ ዲማ ያሉ የቅኔና የመጻሕፍት ቤቶች ባሉበት በጎጃም ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሙልሙል ተሰጣቸው። ከመካከላቸው ታናሹ፣ ከልጃችን ብዙ የማይበልጥ፣ ዳቦውን አኩፋዳው ውስጥ አላስገባውም፤ እዚያው ደጅ ላይ ጀመረው።

አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ልጃችን በቤታችን ምድጃ የራሷን የጾም ኬክ መሞከር ጀምራለች፤ ብስኩት መግዛት ካቆምን ወዲህ የቤቱ ሥራ የእርሷ ሆኗልና። ለሚሻ እናት እንጻፈው። አንድ ኩባያ ተኩል የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በደረቁ ይቀላቀላሉ። አንድ ኩባያ ውሃ፣ አምስት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ይጨመራሉ። ኮምጣጤው ከሶዳው ጋር ሲገናኝ የሚፈላው አየር የእንቁላሉን ሥራ ይሠራል፤ ስለዚህ ውሁዱ ሳይቆይ ወደ ተሟሟቀው ምድጃ መግባት አለበት። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ደጋ አየሩ ቀለል ስለሚል ኬኩ ቶሎ ተነሥቶ መሐሉ ይሰረጉዳል፤ ሶዳውን በጥቂቱ መቀነስ ነው። የበሰለ ሙዝ ፈጭቶ መጨመርም ያለሰልሰዋል። ከሱቅ የሚገዛ ማርጋሪን የሚጠቀም ሰው ጀርባውን ያንብብ፤ የወተት ተዋጽኦ ያለበት አለ። የዳቦ ቤት ዳቦ ፊቱ ሲያብረቀርቅ እንቁላል ተቀብቶ ሊሆን ስለሚችል መጠየቅ አያሳፍርም።

ሰኞ ጠዋት፣ ነሐሴ 14 ቀን፣ ዕቃችንን ስንጭን አክስታችን የመጨረሻዎቹን ሁለት ሙልሙሎች በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡን። ልጃችን በጣቷ ቆጠረች። «አንድ ብቻ ነው የበላን፤ እርሷንም ለአራት» አለች። «እንግዲህ» አሉ አክስታችን፤ ሌላ አልጨመሩም። ከዚያ ክዳን ባለው ትንሽ ብልቃጥ እርሾ አመጡ። ባለቤታቸውን ሲያገቡ ከእናታቸው ቤት ያመጡት፣ በየሳምንቱ ሊጥ እየተቀነሰ የቆየ እርሾ ነው። «ብርድ ይወዳል፤ ፀሐይ አታሳዪው» ብለው ለልጃችን አስረከቡ።

ብልቃጡን እስከ ደጀን በጉልበቷ ላይ ይዛው ሄደች። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ በረታ፤ መኪናው ውስጥ ሁላችን ሹራባችንን አወለቅን፤ ስለ ብልቃጡ ያሰበ ግን አልነበረም። ድልድዩን እንዳለፍን ክዳኑ ጧ ብሎ ተነሣና እርሾው በቀሚሷ፣ በወንበሩና በአባቷ አንገት ላይ ተረጨ። ጎሐ ጽዮን ወጥተን መኪናውን አቆምንና ከብልቃጡ ሥር የቀረውን አየነው። አንድ ማንኪያ ያህል ነበር። ልጃችን ከሙልሙሉ መጠቅለያ ጥቂት ዱቄት አራግፋ፣ በመጠጫ ውሃችን አቀጠነችና ደፍድፋ ከደነችው፤ በዚህ ጊዜ ግን ክዳኑን አላጠበቀችውም።